ካርዱ ቦርሳሽ ውስጥ የቀረው ሰውዬ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ፤

እኔና አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ የደመወዝና የሰው ኃይል አስተዳደር ሶፍትዌር ሠርተን መሸጥ ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። 11 ደንበኞች አሉን፤ ሁሉም በሰው በሰው የመጡ ናቸው። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ባለ 9 ካሬ ቡዝ ተከራየን። ኪራዩ፣ ባነሩ፣ ቲሸርቱ፣ ብሮሸሩ፣ 500 የጨርቅ ከረጢት፣ ለሎተሪ ያወጣነው ስማርት ስልክ ሲደመር 310 ሺህ ብር ገደማ ሆነ። ሦስቱንም ቀን ሰው እንደ ጉድ ጎረፈ። 412 ስልክ ቁጥር መዘገብን። ይኸው ሁለት ወር ሊሆነን ነው፤ ሁለት ድርጅቶች ፕሮፎርማ ጠየቁ፣ ላክንላቸው፣ ድምፃቸው ጠፋ። ውል የፈረመ አንድም የለም።

ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱ ሞተ። ላፕቶፑ ላይ የነበረውን አሮጌ ቅጂ ከፍተን እያሳየን ሳለ አንድ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው መጡ። «18 ሺህ ብር ደመወዝ አስገቢና አሳዪኝ» አሉኝ። አስገባሁ። ብሮሸራችንን ገልብጠው በእስክርቢቶ አሰሉና «ልጄ፣ ይሄ እኮ የአምናው ግብር ነው» አሉ። ከኋላቸው የቆሙት ሳቁ። ካርዳቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ። እስከ ዛሬ አልደወልኩላቸውም፤ ባስታወስኩት ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል። ሦስተኛው ቀን ደግሞ «መግዛት እፈልጋለሁ» ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጠይቀንና ስክሪኑን በስልኩ ሲያነሳ የነበረ ልጅ የተፎካካሪያችን ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። ማሳያችን ሕያው እንዲመስል ብለን የአንድ ደንበኛችንን መረጃ ነበር የጫንንበት፤ ልፋታችንን ሁሉ ገልብጦ ሄደ።

ጓደኛዬ «ሁለተኛ ኤግዚቢሽን የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ» ይላል። እኔ ግን ለሚቀጥለው ዓመት መግቢያው አካባቢ ሰፋ ያለ ቡዝ ብንይዝ ይሻላል ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?

ደ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ ደ.፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው እንደ አንቺው 310 ሺሁ ብር ነበር የቆጨኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ገንዘቡን ረሳሁትና ሁለት ቦታ ላይ ቆምኩ። አንደኛው ሽማግሌው ናቸው። ሌላው አንቺ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው የደንበኛሽ መረጃ ነው። የቡዙ ስፋት ከነዚህ በኋላ ይደርሳል።

ይህን ዓምድ ከመጀመሬ በፊት 19 ዓመት የሠራሁት ዛሬ ኤች አር በሚባለው፣ በእኛ ጊዜ ፐርሶኔል እንለው በነበረው ክፍል ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነበርኩ። ደመወዙን የሚያሰላልን አዲስ ፕሮግራም ገዝተን በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ ጠዋት ቢሮዬን ልከፍት ስመጣ አንድ የሌሊት ጥበቃ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ፈረቃቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው እንኳ ሳይሄዱ። በአንድ እጃቸው የደመወዝ ወረቀቱን፣ በሌላው የሲጋራ ፓኮ ይዘዋል። ፓኮውን ገልብጠው ውስጡ ላይ በእርሳስ የበዓል ቀን ትርፍ ሰዓታቸውን አስልተዋል። «143 ብር ጎድሎብኛል» አሉኝ በትሕትና። እኔ በኩራት «ኮምፒውተር ነው እኮ ያሰላው፣ አይሳሳትም» አልኳቸው። ተሳስቶ ነበር! ፓኮው ልክ፣ ፕሮግራሙ ስህተት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ኮሪደሩ በሠራተኛ ተሞላ። ፕሮግራሙን የሸጠልን ሰው የትም አልነበረም፤ እዚያ ኮሪደር ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የደመወዝ ዝርዝር ከመፈረሜ በፊት ሦስት ሰው መርጬ በእጄ አሰላ ነበር። በሥራው ላይ የቆዩ ብዙዎች እንደዚያ ያደርጋሉ። እንግዲህ ያንቺ ሽማግሌ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከረጢት ፈልጎ የመጣ ሰው 18 ሺህ አስገቢ አይልም። ተማሪም አይልም። ያሉሽ ሰውዬ በየወሩ መጨረሻ የሰው ፊት የሚያዩ ሰው ናቸው።

ቁጥሩን ራሴም አሰላሁት፤ ልማድ አይለቅም። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለ ደመወዝ 35 በመቶ ተሰልቶ 2,050 ይቀነስለታል። ስለዚህ የ18 ሺህ ግብር 4,250 ነው። በአሮጌው ሰንጠረዥ ተቀናሹ 1,500 ስለነበር 4,800 ይመጣል። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,260 ብር ሲነሳ እጅ ላይ መድረስ የነበረበት 12,490 ሆኖ ሳለ ስክሪናችሁ ያሳያቸው 11,940 ነው ማለት ነው። 550 ብር። በአንድ ሰው! እኚህ ሰው 300 ሠራተኛ ቢኖራቸውና የብዙዎቹ ደመወዝ ከ14 ሺህ በላይ ቢሆን ጠዋት በራቸው ላይ ስንት ሰው እንደሚቆም አስቢው። አሮጌው አዋጅ ከግብር ነፃ የሚያደርገው 600 ብር ብቻ እንደነበርና አሁን 2 ሺህ እንደደረሰ ስታስቢ፣ ከላይም ከታችም ያለው ሠራተኛ ሁሉ ይህን ለውጥ በኪሱ ያውቀዋል። ጥበቃውም ያውቀዋል።

የሳቁብሽን ሰዎች እርሺያቸው፤ ማን እንደሆኑም አታውቂም። ሰውዬው ግን አልሳቁም፤ አስተውለሽ ከሆነ ካርዳቸውን ሰጥተውሽ ነው የሄዱት። ተስፋ የቆረጠ ሰው ካርድ አይሰጥም። እናንተ 412 ቁጥር ላይ ስትደውሉ ከረማችሁ፣ ዕቃችሁን በትክክል የመረመረው አንድ ሰው ካርዱ ቦርሳሽ ውስጥ ቀረ። እኔን የገረመኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው። ይህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ፣ አትቀየሚኝ።

«ሕያው እንዲመስል» የደንበኛችሁን መረጃ ጫናችሁ። እዚያ ስክሪን ላይ የነበሩት ስሞች ሕያው የሚመስሉት ሕያው ስለሆኑ ነው። እገሊት ስንት እንደምታገኝ፣ እገሌ ከደመወዙ ምን ያህል ለብድር እንደሚቆረጥበት፣ ማን የወሊድ ፈቃድ ላይ እንዳለች፣ ማን የዲሲፕሊን ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈበት ይታያል። አዲስ አበባ ስትታይ ትልቅ ናት እንጂ የሒሳብና የፐርሶኔል ሰው እርስ በርሱ የሚተዋወቅባት መንደር ናት። ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ ቡዝ ፊት ካለፈው ሕዝብ መካከል የአንዷን ስም የሚያውቅ አልነበረም ብለሽ ልትምይልኝ ትችያለሽ? ሕጉም አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ቆይቷል። ድርጅቱ መረጃውን የሰጠሽ ደመወዝ እንድታሰይለት እንጂ እንድታሳዪበት አይደለም። ግን ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ እኔ በዚያ ዘመን ከሠራተኛው ደመወዝ ዝርዝር አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ረስቼ ብገኝ ከሥራ ነበር የምባረረው።

አንቺ የተናደድሽው የተፎካካሪው ልጅ ልፋታችሁን ገለበጠ ብለሽ ነው። የስክሪን መልክ ማንም ይገለብጣል፤ ልጁ ባይመጣ ሌላ ይመጣል፣ እናንተም የሰው ቡዝ ዞራችሁ ሳታዩ አልቀራችሁም። ከሱ ስልክ ውስጥ ሊያስጨንቅሽ የሚገባው የደንበኛሽ ሠራተኞች ደመወዝ ነው። ይህን ለደንበኛሽ መንገር አለብሽ። በኢሜይል አይደለም፣ ቀጠሮ ይዘሽ ቢሮአቸው ሄደሽ፣ ጓደኛሽን ይዘሽ። ምን እንደታየ፣ ስንት ቀን፣ ፎቶ መነሳቱን ሳትደብቂ። ማድረግ ያለባችሁን ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት አድርጋችሁ ጨርሱ፤ ከሁሉም ላፕቶፕ ላይ መረጃውን አጥፉ፣ ፎቶው እንዲጠፋ ለተፎካካሪው ድርጅት በደብዳቤ ጠይቁ። ከ11 ደንበኛ አንዱን ልታጪ ትችያለሽ፤ አላጽናናሽም። ግን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት አንዱን ብቻ አይደለም የምታጪው፤ በሰው በሰው የመጣ ደንበኛ የሚሄደውም በሰው በሰው ነው።

ለማሳያ ሰው ከጠፋ አበበ በሶ በላ፣ ጫላ ጩቤ ጨበጠ አሉ አይደል? እነሱን ቅጠሯቸው። እንዲያውም ከእውነተኛው መረጃ ይበልጣሉ፤ ችግራቸውን አንቺ ነሽ የምትመርጪላቸው። አበበ በበዓል ቀን ትርፍ ሰዓት ሠርቷል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሰዓቱ ክፍያ በሁለት ተኩል ይባዛል። ጫላ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ትርፍ ሰዓት ሠርቷል፤ በአንድ ከሦስት አራተኛ። ጫልቱ ወሊድ ላይ ናት፣ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ። አንዱ በወሩ በ11ኛው ቀን ለቋል። አንዷ ጳጉሜን 2 ቀን ተቀጥራለች። ይህን የመጨረሻውን ስታሳዪ ቡዝሽ ፊት የቆመ የፐርሶኔል ሰው ካለ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ከውጭ የመጣውን ሶፍትዌር ይዞ በ13ኛ ወር ያልተሰቃየ ጥቂት ነው። የፈረንጅ ዕቃ የማይችለው ይህን ነው፤ እናንተ የምትሸጡት ነገር አለ ከተባለም እሱ ነው። ብሮሸራችሁን ባላየውም «ዘመናዊ፣ ፈጣንና አስተማማኝ» የሚል እንጂ ጳጉሜን የሚል ቃል እንደሌለበት እወራረዳለሁ።

ስለ 412ቱ። ስማርት ስልክ በሎተሪ ስታወጪ ስልክ የሚፈልግ ሰው ነው የጠራሽው። ጥፋቱ የሕዝቡ አይደለም። እኛ የኤግዚቢሽን ማዕከልን የምናውቀው በገና፣ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ባዛር ነው፤ ልጅ ይዞ፣ አይስክሬም እየላሱ፣ ቅናሽ እየፈለጉ። የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን ሲባልም እግራችን የሚያውቀው ያንኑ ነው። (እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ሁለት ጃንጥላና አንድ የግድግዳ ሰዓት ይዤ ነው የወጣሁት። ሰዓቱ የማን እንደሆነ ዛሬ ብትጠይቂኝ ግድግዳውን ሳላይ አልነግርሽም።)

ከጓደኛሽና አብረዋችሁ ከቆሙት ልጆች ጋር አንድ ማምሻ ተቀመጡና ዝርዝሩን አውጥታችሁ ከሥራው ተነስቶ ጥያቄ የጠየቀውን ሰው ሁሉ ለማስታወስ ሞክሩ። «የጣት አሻራ ማሽናችን ጋር ይገናኛል ወይ?» ያለ፣ «ሁለት ቅርንጫፍ አለን» ያለ፣ «ኤክሴል ሰልችቶናል» ያለ። ሃያ ሰው ከወጣላችሁ ብዙ ነው። የቀረውን ተዉት፤ ደጋግሞ መደወል ስም ያበላሻል። ለሃያዎቹ ግን ፕሮፎርማ አትላኩ። ፕሮፎርማ የጠየቁሽ ሁለቱ ድርጅቶች ምናልባት ሌላ ሊገዙ ወስነው ሦስት ፕሮፎርማ ማሟላት ስላለባቸው ብቻ ይሆናል፤ ይህ በየቢሮው ያለ ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ይልቅ እንዲህ በሏቸው፦ ኤክሴላችሁን አትተዉ፣ ለሁለት ወር የእኛ ከጎኑ ይሂድ፣ በወር መጨረሻ ሁለቱን አስተያይተን ልዩነቱን አብረን እንፈልግ። ይህን የሚፈራ ሻጭ ነው፤ ገዢ አይፈራውም። የመግዛቱም ነገር እንደ ሸሚዝ አይደለም። ኤች አሯ ትፈልጋለች፣ ፋይናንሱ ይጠረጥራል፣ አይቲው መረጃው የት ነው የሚቀመጠው ይላል፣ ሥራ አስኪያጁ ዓመታዊ ክፍያውን ሲያይ «በጀት አልተያዘለትም» ይላል። በጀታቸው ከሐምሌ እስከ ሰኔ ከሆነ እናንተ ኅዳር ላይ ስትደርሱ ተበልቷል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚታሰበው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ወር ቆይቶ ውል አለመፈረሙ ብቻውን አያስለቅስም።

ክርክራችሁን በተመለከተ፣ ሁለታችሁንም አልደግፍም። ጓደኛሽ ተናዷል፣ አልፈርድበትም፣ ግን ያልሠራው ኤግዚቢሽኑ አይደለም። አንቺ ደግሞ የጎደለው ስፋት ነው ብለሻል፤ ሰፊ ቡዝ ይዘሽ አሮጌ ግብር ብታሳዪ የሚስቀው ሰው ነው የሚበዛው። ያው 9 ካሬ ይበቃችኋል፣ ጥግ ላይ ቢሆንም ግድ የለም፤ እንዲያውም ከድምፅ ማጉያው ይራቅ። ወጪውን ከከረጢቱና ከስልኩ ቀንሱና አንድ ወር አስቀድማችሁ ለ20 የፐርሶኔልና የፋይናንስ ኃላፊዎች በስማቸው ጥሪ ላኩ፣ ሰዓት አስይዙ። ከፊት ያለውን ጠረጴዛ አንሱትና ሦስት በርጩማ አስገቡ። ቡና ማፍላት ካማራችሁ አፍሉ፣ ግን አቦሉን ጠጥቶ የሚሄደውን ሰው ደንበኛ ብላችሁ አትቁጠሩ። ከመሄዳችሁ በፊት ያለው ምሽት ላይ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቅጂ ጭናችሁ አበበን፣ ጫላንና ጫልቱን በወረቀት አስልታችሁ ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ። አዳራሽ ውስጥ ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ዳታ ሲከፍት ኔትወርኩ እንደሚዝል የታወቀ ነው፤ መብራትም ይሄዳል፤ ዲቫይደርና የሞላ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ጓደኛሽም ከኋላ ቆሞ ስልኩን ከሚነካካ ከፊት ይቀመጥ። (አልጻፍሽልኝም፤ ግን ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆች በኤግዚቢሽን ላይ የት እንደሚቆሙ አውቃለሁ።) ይህን ለማድረግ ካልተስማማችሁ እንደ ጓደኛሽ ብትቀሩ ይሻላል።

የሚቀረው ለሽማግሌው መደወል ነው። በካርዱ ላይ ባለው ስም አቶ ብለሽ ጥሪያቸው። «ኤግዚቢሽኑ ላይ 18 ሺህ አስገብተው ያረሙኝ ልጅ ነኝ» በይ፤ ያስታውሱሻል። ለምን እንደተሳሳተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው፣ ስለ ኢንተርኔቱ ብዙ አታውሪ፣ ሰበብ ይመስላል። ከዚያ «አሁን ያለውን መጥቼ ላሳይዎት፣ ቁጥሩን እርስዎ ይምረጡ» በይ። ዋጋ አታንሺ። ድርጅታቸው በሀበሻ ወር ይክፈል በፈረንጅ አላውቅም፤ ስለዚህ የሀበሻው ወር ከገባ ከ5 እስከ 12 ባለው ቀን ደውይ፣ የአንዱ መዝጊያ አልፎ የሌላው ሳይደርስ። ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት አይሁን፤ በዚያ ሰዓት በራቸው ላይ ሰው ሊኖር ይችላል።

ያሰሉበትን ብሮሸር ይዘውት ሄደው ይሆን ወይስ አንቺ ጋ ነው? አንቺ ጋ ካለ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ።